ወደ ባሕር ማዶ ዩኒቨርሲቲ ስለ ማመልከት

(በተማሪ ቤታችን የምሥረታ በዓል ላይ በ12ኛ ክፍል ተማሪዎች ስም የተነበበ ንግግር)



ለዚህ በዓል ከየክፍሉ አንዳንድ ንግግር እንዲቀርብ በታዘዘ ጊዜ ለ12ኛ ክፍል የተሰጠን ርእስ «የትምህርት ጥቅም» የሚል ነበር። ስለ ትምህርት ጥቅም ግን ከኛ በፊት በዚህ መድረክ ላይ የቆሙት ሁሉ ተናግረዋል፤ እናንተም ጥቅሙን ባታምኑበት ኖሮ ልጆቻችሁን ወደዚህ ባልላካችሁም ነበር። ስለዚህ ርእሱን ለመለወጥ ፈቃድ ጠየቅን፤ ዲሬክተራችንም «እንግዲያው የምታውቁትን ተናገሩ» ብለው ፈቀዱልን። በዚህ ዓመት ከሂሳብም ከፊዚክስም ይልቅ ደኅና አድርገን ያወቅነው ነገር ቢኖር፣ አንድ ኢትዮጵያዊ ተማሪ ወደ ውጭ አገር ዩኒቨርሲቲ እንዴት እንደሚያመለክትና በምን በምን እንደሚሰናከል ነው።

«እኛ» የምንለው ሰባት ነን፤ አምስት ወንዶችና ሁለት ሴቶች። ካለፈው ዓመት ጥር ወር ጀምሮ ቅዳሜ ቅዳሜ ከቀትር በኋላ በቤተ መጻሕፍቱ የኋላ ክፍል እየተሰበሰብን፣ በአንዲት አሮጌ ኮምፒዩተርና ከአንድ ስልክ በምንስበው ኢንተርኔት ሥራውን ሠራን። ዛሬ የምንነግራችሁ ያገኘነውን ብቻ ሳይሆን ያጣነውንም ነው። ይህ ስሕተት የእገሌ ነው ብለን ግን ስም አንጠራም፤ በአንድነት ሠርተናልና በአንድነት እንጠየቅበት።

በዱሮ ዘመን ለትምህርት ወደ ባሕር ማዶ የሚሄድ ሰው የሚጠናው አንድ ደጅ ነበር፤ ያም የቤተ መንግሥት ደጅ ነው። ዶክተር መላኩ በያን በፈረንጅ አቈጣጠር በ1920ዎቹ ዓመታት ወደ አሜሪካ የሄዱት በአልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ መኰንን ተልከው ነው። በኦሃዮ በሚገኘው በመስኪንገም ኮሌጅ ጀምረው፣ በኋላ በዋሽንግተን ከተማ በሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና አጠኑ፤ የኢጣልያ ጦር አገራችንን በወረረ ጊዜም ተመልሰው በሐኪምነት አገለገሉ። ሠዓሊው አፈወርቅ ተክሌ በ1947 በፈረንጅ አቈጣጠር ወደ እንግሊዝ አገር የተላኩት የማዕድን ምሕንድስና እንዲማሩ ነበር፤ እሳቸው ግን ልባቸው ወደ ሥዕል አዘነበለ። ያን ጊዜ የሚሄደውን የሚመርጥ፣ የሚማረውን የሚወስን፣ ስንቁንም የሚችል ላኪው ነበር። ዛሬ ለአብዛኛው ተማሪ ላኪ የለም። ደጁ በዝቷል፤ ነገር ግን የሚያንኳኳው ተማሪው ራሱ ነው፤ ሲከፈትለትም የሚጠየቀው «ማን ላከህ?» ተብሎ ሳይሆን «አንተ ማን ነህ?» ተብሎ ነው። እኛ የቸገረን ይህች ጥያቄ ናት።

ገና በቅጹ መጀመሪያ መስመር ላይ ተሰናከልን። ቅጹ «የቤተሰብ ስም» ይላል። እኛ የቤተሰብ ስም የለንም። የራሳችን ስም አለን፣ የአባታችን አለን፣ የአያታችን አለን፤ እናታችንም የምትጠራው በገዛ አባቷ ስም ነው። ከመካከላችን አንዱ በዚያ ቦታ ላይ የአባቱን ስም ጻፈ፤ በፓስፖርቱ ላይ ግን በዚያ ቦታ የገባው የአያቱ ስም ነበር። በዚህ ምክንያት የእንግሊዝኛ ፈተናው ውጤት በአንድ ሰው ስም፣ ማመልከቻው በሌላ ሰው ስም ሆነው ሁለት ወር ሙሉ ሳይገናኙ ቀሩ። የአንዲቱ እኅታችን ስም ደግሞ በ«ፀ» ይጀምራል። ይህን ፊደል የልደት ምስክር ወረቀቷ በአንድ የላቲን ፊደል፣ የተማሪ ቤታችን የነጥብ መዝገብ በሁለት ፊደል ጽፎታል፤ በፓስፖርቷ ላይ ደግሞ ከሁለቱም የተለየ ነው። በአማርኛ አንዲት ልጅ፣ በፈረንጅ ወረቀት ላይ ሦስት ልጆች ሆነች። ይህን ለማስተካከል ሦስት ጊዜ ወደ ክፍለ ከተማ ሁለት ጊዜ ወደ አዲስ አበባ ተመላለሰች። የ9ኛ ክፍል ተማሪዎች ሆይ፣ ዛሬ ማታ እቤታችሁ ገብታችሁ ያላችሁን ወረቀት ሁሉ ጐን ለጐን አስቀምጡና ስማችሁን ፊደል በፊደል አመሳክሩ፤ ስሕተቱን ለማረም ሦስት ዓመት አላችሁ፣ እኛ ሦስት ሳምንት ብቻ ነበረን።

ሁለተኛው የዘመን አቈጣጠራችን ነው። ከመካከላችን አብዛኞቹ በ2000 ዓ.ም. የተወለድን ነን። ይህ ቍጥር ሳይተረጐም ወደ ውጭ ቢላክ፣ የሚያነበው ሰው የዐሥራ ስምንት ዓመቱን ልጅ የሃያ አምስት ወይም የሃያ ስድስት ዓመት ጐልማሳ ያደርገዋል። የ10ኛ ክፍል ነጥባችንም «2016» ስለሚል፣ ለፈረንጅ አንባቢ ተማሪው ከዘጠኝ ከዐሥር ዓመት በፊት ተምሮ ከዚያ ወዲህ ሥራ ፈትቶ የተቀመጠ ይመስለዋል። ዲሬክተራችን ይህን ባመለከትናቸው ጊዜ ከያንዳንዱ ዓመት አጠገብ የፈረንጁ ዓመት እንዲጻፍ አዘዙ፤ ከአሁን በኋላ የነጥብ ወረቀት የሚወስድ ሁሉ እንዲህ ሆኖ ያገኘዋል።

ስለ ሰዓት ደግሞ ብንስቅባት የማይከፋ ነገር እንንገራችሁ። አንድ ወንድማችን ከአንድ ኮሌጅ የቀድሞ ተማሪ ጋራ በኮምፒዩተር ፊት ለፊት እንዲነጋገር ለ«ዘጠኝ ሰዓት» ቀጠሮ ተሰጠው። ነጭ ሸሚዙን አስተኵሶ ለብሶ፣ ጠጕሩን ተበጥሮ፣ ከቀትር በኋላ ልክ በዘጠኝ ሰዓት ተቀመጠ። ቀጠሮው ግን በፈረንጅ ሰዓት ከጧቱ ዘጠኝ፣ ማለት በኛ ሦስት ሰዓት ነበርና ስድስት ሰዓት አልፎታል። ጠያቂው መልካም ሰው ስለ ነበሩ ሌላ ቀን ሰጡት። ሁሉም እንዲህ መልካም ይሆናል ብሎ መተማመን ግን አይገባም።

የአሜሪካንን አገር ማመልከቻ ብዙዎቻችን የላክነው «ኮመን አፕሊኬሽን» በሚባለው ቅጽ ነው። ይህ ቅጽ በ1975 በፈረንጅ አቈጣጠር በ15 ኮሌጆች ስምምነት የተጀመረ ሲሆን፣ ዛሬ ከ1,000 በላይ ኮሌጆች ይቀበሉታል፤ አንድ ተማሪም በሱ እስከ 20 ኮሌጅ ድረስ ማመልከት ይችላል። በቅጹ ላይ ከ650 ቃል የማይበልጥ ስለ ራስ የሚጻፍ ድርሰት አለ፣ የመምህራን የድጋፍ ደብዳቤ አለ፣ የነጥብ ወረቀት አለ። «ኤስ ኤ ቲ» የተባለውን ፈተና ብዙ ኮሌጆች በ2020 ትተውት ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ኤም አይ ቲ በ2022፣ ዳርትመዝ፣ ሃርቫርድና ሌሎችም በ2024 እንደገና አስገዳጅ አድርገውታል። አሁን ፈተናው የሚሰጠው በኮምፒዩተር ስለ ሆነ ተፈታኙ ኮምፒዩተር ይዞ መሄድ አለበት፤ የሚስዮኑ ሐኪም የራሳቸውን ባያውሱን ኖሮ ከሰባታችን አንድ እንኳ ባልተፈተነ ነበር። ለአንድ ኮሌጅ ማመልከቻ የሚከፈለው ብዙ ጊዜ ከ50 እስከ 90 ዶላር ነው፤ ነገር ግን ችግሩን አስረድቶ ነጻ እንዲደረግለት ለሚጠይቅ ተማሪ ይተዉለታል። ይህን ሳናውቅ አንዳችን ለመጀመሪያው ማመልከቻ ከፈለ። ገንዘቡ የታላቅ እኅቱ ዕቁብ ነበር።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ደረስን፤ ይኸውም ገንዘብ ነው።

በአሜሪካ ለአንድ ዓመት ትምህርት፣ መኝታና ምግብ ከ80,000 ዶላር በላይ የሚጠይቁ የግል ኮሌጆች ብዙ ናቸው። ይህን ስንሰማ ሁለታችን በመጀመሪያው ቅዳሜ ትተን ልንወጣ ነበር። ከጥቂት ሳምንት በኋላ ግን ኮሌጆቹ ሁሉ አንድ ዓይነት አለመሆናቸውን ተረዳን። ጥቂቶቹ የውጭ አገሩን ተማሪ ሲመርጡ ድኻ ይሁን ሀብታም ከቍጥር አያስገቡም፤ ከመረጡትም በኋላ ቤተሰቡ ሊከፍል የማይችለውን ሁሉ ይሞሉለታል። ሃርቫርድ፣ የል፣ ፕሪንስተን፣ ኤም አይ ቲ፣ አምኸርስት፣ ዳርትመዝና ቦውደን ከነዚህ ይቈጠራሉ። ነገር ግን እነዚህ ከመቶ አመልካች ዐሥር እንኳ አይቀበሉም። ሌሎቹ ደግሞ ርዳታ ቢሰጡም፣ ርዳታ የሚሻውን ተማሪ ባነሰ ቍጥር ይቀበላሉ። ብዙዎቹ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ለውጭ አገር ተማሪ የሚሰጡት ርዳታ ጥቂት ነው። ስለዚህ የኮሌጅ ስም ከመምረጥ በፊት መጠየቅ ያለበት «ለውጭ አገር ተማሪ ምን ያህል ትረዳላችሁ?» የሚል አንድ ጥያቄ ነው። እኛ ይህን የጠየቅነው አስቀድመን ሳይሆን በስተመጨረሻ ነበርና ከላክናቸው ማመልከቻዎች ሲሶው በከንቱ የተላከ ነው።

ከኮሌጆቹ ሁሉ ለኛ ደስ ያሰኘን በኬንታኪ የሚገኘው የቤሪያ ኮሌጅ ነው። ይህ ኮሌጅ በ1855 የባርነትን ሥርዐት በሚቃወሙ ክርስቲያኖች የተቋቋመ ነው፤ የትምህርት ዋጋ ከማንም አያስከፍልም፤ ተማሪው ሁሉ ግን በሳምንት ቢያንስ ዐሥር ሰዓት ይሠራል። ተማሪ ቤታችን በቀድሞው ዘመን ተማሪዎቹ አትክልት እየኰተኰቱ የተማሩበት መሆኑን ከአባቶቻችን ሰምተን ነበርና፣ ይህ ነገር ከኛ ተማሪ ቤት የተቀዳ መሰለን። የተቀዳ እንኳ ባይሆን የሚከብደን አይደለም።

ዓለሙም አሜሪካ ብቻ አይደለም። የቱርክ መንግሥት በየዓመቱ ከጥር 2 እስከ የካቲት 13 ቀን ገደማ ማመልከቻ ይቀበላል፤ ለማመልከቻው ምንም አያስከፍልም። በጀርመን አገር ብዙዎቹ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች የትምህርት ዋጋ አይጠይቁም፤ ሆኖም ለቪዛው የዓመት መተዳደሪያ በዝግ ሒሳብ ተቀምጦ መታየት አለበት፤ ከ2024 መስከረም ወር ወዲህ ይህ ሒሳብ 11,904 ኤውሮ ነው። በነጻ የሚሰጥ ትምህርት ነው ብሎ የሰማ ሁሉ ይህን ቍጥር ሲያይ ዝም ይላል።

ለአሜሪካኖቹ ርዳታ የሚሞላው ቅጽ የአባትንና የእናትን የዓመት ገቢ ይጠይቃል። እዚህ ላይ አንድ ነገር እንነግራችኋለን፤ የምንናገረውም ባለቤቱ ስለ ፈቀዱልን ነው። የአንዱ ወንድማችን አባት ድሬሰር ናቸው። ቅጹን ይዘን እቤታቸው በሄድን ጊዜ ደመወዛቸውን እጥፍ አድርገን እንድንጽፍ ነገሩን። ለምን ብንላቸው «ልጆቼ፣ ድኻ ነኝ ብዬ ለፈረንጅ በጽሑፍ ፈርሜ ልስጥ? ልጄንስ በዚያ በምን ዓይን ያዩታል?» አሉን። እጥፉን ብንጽፍ ኮሌጁ «አባቱ መክፈል ይችላሉ» ብሎ ርዳታውን እንደሚቀንስ አስረዳናቸው። ዝም አሉ፤ ቡና ተጠጣ፤ ሳንግባባ ወጣን። በማግስቱ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ራሳቸው ወደ ተማሪ ቤቱ መጡ። በአንድ ወረቀት ላይ በገዛ እጃቸው ደመወዛቸውን፣ ከጓሮው ቡና የሚሸጡትን፣ ለሟች እኅታቸው ልጆች በየወሩ የሚያወጡትን፣ ያለባቸውንም ዕዳ ሳይቀር ጽፈው ነበር። በዚያ ላይ ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. በፊት 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር በጥቂት ሳምንት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆኖ ስለ ነበር፣ ደመወዛቸው ወደ ዶላር ሲመነዘር የበለጠ አነሰ። ቍጥሩን አይተው «ይህ ሁሉ ዓመት የሠራሁት ይህን ታህል ኖሯል?» አሉና ፈረሙ። ሰባታችን በዓመቱ ውስጥ ከጻፍነው ጽሑፍ ሁሉ የሚበልጠው ያ አንድ ገጽ ነው።

ስለ ደላሎች እናሳጥራለን፤ ነገሩ አጭር ነውና። ከመካከላችን የአንዱ እናት «የውጭ አገር ትምህርት እናስጨርሳለን» ለሚል አንድ ጽሕፈት ቤት ጊደር ሸጠው 40,000 ብር ከፈሉ። የተሰጣቸው የተቀባይነት ደብዳቤ ማኅተም አለው፣ ፊርማ አለው፤ ወደ ኮሌጁ ጽፈን ብንጠይቅ ግን እንዲህ ያለ ደብዳቤ አልጻፍንም አሉ። ጽሕፈት ቤቱ ዛሬ በቦታው የለም። ወላጆቻችን ሆይ፣ ደላላው የሚሞላውን ቅጽ ልጆቻችሁ ራሳቸው መሙላት ይችላሉ። ዩኒቨርሲቲ ቦታውን በደላላ አይሸጥም።

ከገንዘብ ቀጥሎ ያስጨነቀን ድርሰቱ ነው። 650 ቃል ምን ያስጨንቃል ትሉ ይሆናል። የሚያስጨንቀው «እኔ» ብሎ መጻፉ ነው። እኛ «እኔ እኔ» የሚል ልጅ ባለጌ ነው ተብለን ያደግን ነን፤ እቤት አባታችን፣ በሰንበት ትምህርት ቤት መምህራችን ያስተማሩን ሥራን ሠርቶ ዝም ማለትን ነው። ይህን ንግግር እንኳ «እኛ» እያልን መጻፋችንን ሳታስተውሉ አልቀራችሁም፤ ከሰባታችን አንዱም «እኔ» ለማለት አልደፈረም። ስለዚህ የመጀመሪያ ድርሰቶቻችን በሁለት መንገድ ተበላሹ። አንዳንዶቻችን ስለ ኢትዮጵያ ታሪክ፣ ስለ አክሱምና ስለ ላሊበላ ጻፍን፤ የኮሌጁ ሰው ያን ከመጽሐፍ ያነበዋል፣ ስለ ጸሐፊው ግን አንድ ነገር አላገኘበትም። ሌሎቻችን ደግሞ ልመና ጻፍን፤ እንግሊዝኛ መምህራችን አንዱን አንብበው «ይህን ልጅ አላውቀውም፤ አንተ እንዲህ ስታለቅስ አይቼህ አላውቅም» ብለው መለሱለት።

ሦስቱ ደግሞ የባሰ ሠሩ። ሰው ሠራሽ አስተውሎት በሚባለው ነገር ድርሰታቸውን በኮምፒዩተር አስጻፉ። እንግሊዝኛው እንከን የለውም። ቅዳሜ ተራ በተራ ሲነበብ ግን ሦስቱም የሚጀምሩት በአንዲት ፀሐይ መውጣትና በአያታቸው ምክር ነበር፤ ከሦስቱ አንዱ ደግሞ አያቱን አይቶ የማያውቅ ነው። ሳቅን፣ አፈርንም፤ ወረቀቶቹ ተቀደዱ።

በመጨረሻ መልካም ሆኖ የተገኘው የአንዲቱ እኅታችን ድርሰት ነው። እናቷ እንጀራ ጋግረው ለሻይ ቤቶች ያስረክባሉ፤ ሒሳቡን የምትይዘው እሷ ናት። የጤፍ ዋጋ በኩንታል ሲጨምር፣ ሻይ ቤቱ ግን የእንጀራውን ዋጋ አልጨምርም ሲል፣ እናትና ልጅ የምጣዱን ሊጥ አንድ ጣት ይቀንሱ ወይስ ደንበኛ ይጡ ብለው አንድ ሌሊት የተከራከሩትን ጻፈች። ሊጡን አልቀነሱም፤ አንድ ደንበኛ ሄደ። በድርሰቱ ውስጥ ትልቅ ቃል የለም፤ እንግሊዝኛውም ሁለት ስሕተት ነበረበት። ነገር ግን ከሌላ ሰው ሊመጣ የማይችል ነበር።

የድጋፍ ደብዳቤውም ይህን ይመስላል። በኛ አገር አንድ መምህር «ጨዋ፣ ታዛዥ፣ ትጉህ» ብሎ ከጻፈ ምስጋናው ሙሉ ነው። የዚያ አገር አንባቢ ግን «ምን ሠርቶ አየኸው?» ይላል። መምህሮቻችንን ይህን ለማስረዳት ማፈራችንን አንደብቅም፤ ተማሪ መምህሩን እንዴት ደብዳቤ አጻጻፍ ያስተምራል? ኬሚስትሪ መምህራችን ግን አልተቈጡም፤ ማስታወሻ ደብተራቸውን አውጥተው «በ10ኛ ክፍል ሙከራው ሳይሠራላችሁ ሲቀር የቀሩትን አስወጥቼ አንተን ያስቀረሁህ ለምን ይመስልሃል?» ብለው ጻፉ።

ማመልከቻ የሚዘጋበት ቀን ለብዙዎቹ ኮሌጆች ታኅሣሥ 23 ቀን ነው፤ በገና ጾም ውስጥ፣ ለበዓሉ ስድስት ቀን ሲቀረው። ሰዓቱም በየተማሪው አገር ሰዓት ከሌሊቱ ስድስት ሊሆን አንድ ደቂቃ ሲቀረው ነው። በዚያ ሌሊት በሁለት ሰዓት መብራት ጠፋ። አራታችን ኮምፒዩተሩን በጋቢ ጠቅልለን ጄኔሬተር ወዳለበት ወደ ሚስዮኑ ክሊኒክ ሮጥን፤ ተረኛዋ ነርስም በሕሙማን መጠበቂያው እንድንቀመጥ ፈቀዱልን። በአራት ሰዓት ምጥ የያዛት ሴት በቃሬዛ መጣችና ሶኬቱ ለሌላ ሥራ ተፈለገ፤ ነቅለን ሰጠን። በቀረው ባትሪ የመጨረሻውን ማመልከቻ በአምስት ሰዓት ተኩል ላይ ላክን። ሴትዮዋም በሰላም ተገላገለች።

ሰባታችን 41 ማመልከቻ ልከናል። መልሱ በመጋቢት መጨረሻ መጣ። ሁለታችን ከሙሉ ርዳታ ጋራ ተቀባይነት አገኘን። አንዷ ተቀባይነት አግኝታለች፣ ነገር ግን ርዳታው በዓመት 22,000 ዶላር ይጐድለዋል፤ ያም ማለት አላገኘችም ማለት ነው። ሙሉ ዕድል ያገኙት የእንጀራ ሒሳብ የጻፈችው እኅታችንና የድሬሰሩ ልጅ ናቸው። አራታችን አላገኘንም። ይህን ንግግር የሚያነብላችሁም ከአራቱ አንዱ ነው።

ያገኙትም ገና አልሄዱም። በ1952 የወጣው የአሜሪካን የኢሚግሬሽን ሕግ ቪዛ ጠያቂውን ሁሉ፣ አለመሆኑን እስኪያስረዳ ድረስ፣ በዚያው ሊቀር እንደሚሄድ ሰው ይቈጥረዋል። 350 ዶላር ለተማሪዎች መዝገብ፣ 185 ዶላር ለቪዛው ተከፍሎ፣ ነገሩ በመስኮት ፊት በጥቂት ደቂቃ ይወሰናል። አምና ከዚህ ተማሪ ቤት የወጣ አንድ ወንድማችን ከአንድ ቆንስላ መስኮት ባዶ እጁን ተመልሷል። የከፋው ግን ወደ ውጭ እሄዳለሁ ብሎ የ12ኛ ክፍል መልቀቂያ ፈተናውን ችላ ብሎት ስለ ነበር፣ ከሁለት ያጣ ሆኖ አንድ ዓመት እቤቱ መቀመጡ ነው። ይህ ፈተና ቀልድ አይደለም፤ በ2015 ዓ.ም. ከተፈተኑት ከመቶ 50ና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.2 በመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ 5.4 በመቶ ብቻ ናቸው። ውጤቱም የሚነገረው የአሜሪካን ኮሌጆች ትምህርት ከጀመሩ በኋላ ስለ ሆነ፣ ሁለቱ ጓደኞቻችን የማይጠብቁትን ውጤት ሊፈተኑ ከኛ እኩል ሌሊቱን ያጠናሉ። ለምን ብለን ብንጠይቃት እኅታችን «መስኮቱ እስኪከፈት እኔም እናንተው ነኝ» አለችን።

«የሄደ ይመለሳል ወይ?» የምትሉ ወላጆች እንዳላችሁ እናውቃለን። እኛም ሦስት ቅዳሜ ተከራክረንበታል። አንዳንዶቻችን ተማሪው ከተመለሰ አገሩን ይጠቅማል አልን፤ ሌሎቻችን በዚያ ሆኖ ለእናቱ የሚልከውም ጥቅም ነው አልን፤ አንዱ ደግሞ ሳይሄዱ ስለ መመለስ መከራከር ይገርማል ብሎ ዝም አሰኘን። ስላልተስማማን በዚህ ላይ የምንላችሁ የለንም።

ከፈተናው በኋላ ከሐምሌ ወር መጨረሻ ጀምሮ፣ የቀረነው በቤተ መጻሕፍቱ የኋላ ክፍል እንደ ቀድሞው ቅዳሜ ከቀትር በኋላ በስምንት ሰዓት እንገኛለን። የሞላናቸውን ቅጾች ግልባጭ፣ የተመለሱብንን ደብዳቤዎች፣ የቀኖቹንም ዝርዝር በኛና በፈረንጅ አቈጣጠር ጽፈን በካርቶን ውስጥ አስቀምጠናል። የ11ኛ ክፍል ተማሪዎች ስትመጡ ፓስፖርት ያላችሁ ፓስፖርታችሁን፣ የሌላችሁ የልደት ምስክር ወረቀታችሁን ይዛችሁ ኑ፤ ከሁሉ በፊት የምናየው ስማችሁ እንዴት እንደ ተጻፈ ነው።